ግልጽ ደብዳቤ፦ ጭሱ ከቤት ወጥቶ እኛ ላይ አረፈ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር
ለከተማው ምክር ቤት
ጉዳዩ ለሚመለከታቸው የቁጥጥር አካላት ሁሉ

ጉዳዩ፦ በመሀል ከተማ የእግረኛ መንገዶች፣ አደባባዮች፣ የትራንስፖርት መጠበቂያዎችና የካፌ በረንዳዎች ላይ ሲጋራ ማጨስ እንዲከለከል ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉ ካፌዎች በረንዳ ላይ የምንሠራ አስተናጋጆች ነን። አሥራ አንድ ነን። ዘጠኛችን ሴቶች፣ ሁለቱ ወንዶች። ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሐሳቡ ግን የሁላችንም ነው። ስማችንንም ሆነ የምንሠራባቸውን ቤቶች ስም አልጻፍንም። ጉዳዩ እንጀራችንን ይነካልና ትረዱናላችሁ ብለን እናምናለን። ደግሞም አንድ ካፌ ለመክሰስ አይደለም የተነሳነው። የመንገዱ ሁሉ ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ሲያጸድቅ እኔ በዚህ ሥራ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ያኔ የምሠራበት ቤት ውስጡ ሁልጊዜ ጉም የወረደበት ይመስል ነበር። ማታ ቤት ስገባ ፀጉሬም ሻርፔም ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። እናቴ አንድ ቀን ሻርፔን አሽትታ "አንቺ ልጅ፣ ጀመርሽ እንዴ?" ብላ በድንጋጤ አየችኝ። አዋጁ ወጣ። በየግድግዳው "ማጨስ ክልክል ነው" ተለጠፈ። መጀመሪያ ላይ ጭቅጭቅ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ሰው ለመደው። የውስጡ አየር ተለወጠ። ይህን ማንም አይክደውም።

ጭሱ ግን አልጠፋም። ከበሩ ወጣና በረንዳ ላይ ቁጭ አለ። በረንዳው ላይ ደግሞ እኛ አለን።

ደብዳቤ እንድንጽፍ ያደረገን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ ሲሰፋ ካፌዎችም ፊታቸውን አደሱ። እኔ የምሠራበት ቤት ስድስት የነበረውን የበረንዳ ጠረጴዛ አሥራ አራት አደረገው። በየጠረጴዛው ላይ መተርኮሻ ተቀመጠ። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምሠራው ሥራ አሥራ አራቱን መተርኮሻ ማጠብ ነው። ምሽት ላይ ደግሞ ደግሜ አጥባቸዋለሁ። በመሀል ስንቴ እንደምገለብጣቸው አልቆጠርኩም። አንዱ ደንበኛ ሲጋራውን ሳያጠፋው ጥሎት ይሄዳል። ማኪያቶ በአንድ እጄ፣ የሚጨስ መተርኮሻ በሌላው እጄ ይዤ በጠረጴዛዎቹ መሀል እሽለኮለካለሁ። ጭሱ ቀጥታ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ፊቴን ዞር ሳደርግ "ምነው፣ ተቀየምሽ እንዴ?" የሚለኝ አለ። ተቀይሜ አይደለም። መተንፈስ ፈልጌ ነው።

አንዷ ጓደኛችን ያኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ኃላፊዋን "እባክህ ውስጥ መድበኝ" ብላ ለመነችው። "ውስጥ ሰው ሞልቷል። ውጭ ደግሞ ንጹህ አየር ነው፣ እንዲያውም ላንቺ ይሻልሻል" አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ውጭ ከሆነ ጭስ አይጎዳም ብሎ ከልቡ ያምናል። እሷም ዝም ብላ ሠራች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ስታስተናግድ አንድ ደንበኛ "ምን ሆነሽ ነው አፍሽን የምትይዢብን?" ብሎ ተቆጣት። በሰባተኛ ወሯ ሥራውን ተወች። ልጇን በሰላም ተገላገለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራዋ ግን አልተመለሰም። ይህን የምጽፈው እሷ ፈቅዳልኝ ነው።

ሌላኛዋ አስም አለባት። የሚነፋውን መድኃኒቷን በሽርጧ ኪስ ይዛ ነው የምትሠራው። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ጓዳ ገብታ ትነፋውና ተመልሳ ትወጣለች። በሷ ፈንታ እኔ ትዕዛዝ እቀበላለሁ። ደንበኛው ይህን አያይም። እሱ የሚያየው ቡናው መዘግየቱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ ምክንያቱም ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው።

አዋጁ ማጨስን በቤት ውስጥ ብቻ አልከለከለም። ሕዝብ ከሚገለገልበት ቦታና ከሥራ ቦታ በር፣ ከሚከፈት መስኮትና ከአየር ማስገቢያ በ10 ሜትር ርቀት ውስጥም ማጨስ ክልክል ነው ይላል። ይህን አብዛኛው ሰው አያውቀውም። እኛም አናውቅም ነበር። የነገረን የሕግ ተማሪ የሆነ ደንበኛችን ነው። ቡናውን እየጠጣ "እናንተ ሰዎች፣ እነዚህ መተርኮሻዎች እኮ እዚህ መቀመጥ አልነበረባቸውም" አለን። እኛም ደነገጥን።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ገበያ ሳይነሳ፣ ከአንድ አናጢ ሜትር ተውሰን ለካን። ከካፌያችን በር እስከ መጨረሻው የበረንዳ ጠረጴዛ ሰባት ሜትር ሆነ። አሥራ አራቱም ጠረጴዛ ከ10 ሜትሩ ውስጥ ነው ማለት ነው። አንዱም አያመልጥም። ቀጠልን። ከኛ በር እስከ ፋርማሲው በር ስድስት ሜትር ከምናምን። ከፋርማሲው እስከ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አራት ሜትር አይሞላም። ከፎቶ ኮፒው እስከ ኬክ ቤቱ አምስት ሜትር። እንዲህ እያልን እስከ መታጠፊያው ሄድን። የፎቶ ኮፒው ልጅ ወጥቶ "ሊፈርስ ነው እንዴ?" ብሎ ጠየቀን። አይዞህ፣ ጭስ ነው የምንለካው አልነው።

እስቲ አብራችሁን አስቡት። እያንዳንዱ በር ወደ ቀኝ 10 ሜትር፣ ወደ ግራ 10 ሜትር ከጭስ ነጻ ያደርጋል። በሮቹ ግን በአምስትና በስድስት ሜትር ነው የተደረደሩት። ስለዚህ አንዱ በር የሚሸፍነው ከሌላው ጋር ተደራርቦ ያልፋል። በግንቡ ጥግ ከሄዳችሁ ከመታጠፊያ እስከ መታጠፊያ በሕጉ መሠረት ሲጋራ መለኮስ የሚቻልበት አንድ እርምጃ መሬት አላገኘንም። በወረቀት ላይ መንገዳችን ከጭስ ነጻ ነው። በተግባር ግን የሰፈሩ ማጨሻ እሱ ነው።

እኛ የምንለው ይህ ነው። አሥር ሜትሩ የማይከበረው ሰው ሕግ ስለሚንቅ ብቻ አይደለም። ማንም ሰው በኪሱ ሜትር ይዞ አይዞርም። አጫሹ የት እንደቆመ አያውቅም። እኛም "ከዚህ በር ስምንት ሜትር ላይ ነህ" ብለን ልንከራከረው አንችልም። የሚቆጣጠረውም ሰው እንደዚያው። በር እየለኩ ማስከበር አይቻልም። "ይህ መንገድ፣ ከዚህ እስከዚያ፣ ማጨስ ክልክል ነው" ማለት ግን ይቻላል። ያን ሕፃንም ይረዳዋል።

በረንዳውን ያስቀደምኩት የራሳችን ስለሆነ ነው። ከበረንዳው ወረድ ሲባል ሌላም አለ።

የታክሲ ሰልፍን ውሰዱ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰልፉ እባብ ሆኖ ይጠማዘዛል። ሰው ከሰው ጋር ተጠጋግቶ ነው የሚቆመው። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ከለኮሰ ወዴት ልሂድ? ሰልፉን ከለቀቅኩ ተራዬ ሄደ። ተራዬ ከሄደ ደግሞ ሌላ አርባ ደቂቃ። ልጅ ያዘለች እናት ስትለምን ሰምቻለሁ፤ "ወንድሜ፣ ለልጁ ብለህ" ስትል። አንዳንዱ ወዲያው ይጥለዋል፤ ይቅርታም ይጠይቃል። አንዳንዱ ግን "መንገዱ የአባትሽ ነው?" ይላል። ሕጉ ታክሲው ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ታክሲው ውስጥ የምንቆየው ሃያ ደቂቃ ነው። ሰልፉ ላይ ግን አንድ ሰዓት እንቆማለን።

ሊስትሮዎቹን አስቡ። ገና ልጆች ናቸው። ጫማ ሲጠርጉ ጎንበስ ብለው ነው። የደንበኛው እጅ ከጉልበቱ ላይ ሲያርፍ የሲጋራው ጫፍ ከልጁ ግንባር ስንት ስንዝር ይርቃል? አንዱ ልጅ ቅንድቡ አጠገብ ትንሽ ጠባሳ አለው። "ሰውየው ሳያየኝ ነው" አለኝ፤ ራሱ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል።

መንገድ የሚጠርጉት እናቶችም እዚህ መጠቀስ አለባቸው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ያምራል፤ ነገር ግን በንጣፉ መጋጠሚያ ውስጥ የሲጋራ ቁራጭ ከገባ መጥረጊያ አያወጣውም። በጣት ነው የሚለቀመው። ጎህ ሲቀድ ካፌውን ስንከፍት አንዷን እናት እናያታለን። ቁጢጥ ብላ አንድ በአንድ ትለቅማለች። ብዙ ሰው የሲጋራ ፊልተር ጥጥ ይመስለዋል። ጥጥ አይደለም፤ የፕላስቲክ ዘር ነው። ዝም ብሎ አይበሰብስም። ክረምት ሲገባ ያልተለቀመው ሁሉ በቱቦ ወደ ግንፍሌና ወደ ቀበና ይወርዳል። ከተማው ለወንዞቹ ዳርቻ ይህን ያህል ደክሞ፣ በላይ በኩል ቁራጭ መልቀቅ አይገባም።

እሁድ ጠዋት "መንገድ ለሰው" በሚባልበት ቀን ልጆች ኳስ ይዘው ይወጣሉ፤ አዋቂውም ሰብሰብ ብሎ ስፖርት ይሠራል። እዚያው ዳር ላይ ቆሞ የሚያጨስ ሰው ሲታይ ያሳዝናል። ቀኑ የተሰየመው ለጤና ነበር።

ልናሳውቅ ሞክረን ነበር። አንድ የነጻ ስልክ መስመር ላይ ሦስት ጊዜ ደወልን። የትኛው ቢሮ እንደሆነ መጥቀስ አያስፈልግም። አንዴ አልተነሳም። አንዴ "ቤት ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?" ተባልን። "በረንዳ ነው" ስንል "ውጭ ከሆነ ይከብዳል" አሉን። በሦስተኛው እንልካለን አሉ፤ እስካሁን የመጣ የለም። ስልኩን ባነሳችው ልጅ አልፈርድም። ሕጉ በረንዳን በግልጽ በስሙ ቢጠራ ኖሮ መልሷ ሌላ ይሆን ነበር።

"ውጭ ነው፣ ንፋስ ይወስደዋል" ለሚሉን መልስ አለን። ይህን ሐሳብ ከደንበኛም ከባለቤትም ስለምንሰማ ደንበኛችን የሆነ ሐኪም ጠየቅን። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጉዳይ በመሣሪያ ለክተውታል። ከሚያጨሰው ሰው አጠገብ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው፣ ውጭም ቢሆን የጭሱ መጠን ከቤት ውስጥ ጋር ሊስተካከል እንደሚችል አገኙ። ሁለት ሜትር ያህል ሲርቅ ነው በደንብ የሚቀንሰው። የኛ ጠረጴዛዎች በመሀላቸው አንድ ሜትር የላቸውም። መተርኮሻ ስናነሳ ደግሞ ፊታችን ከሲጋራው ስንዝር ነው የሚርቀው። የሰልፉም ነገር እንደዚያው ነው።

ጭሱ ምን እንዳለበት ሐኪሙ ሲነግረን ዝም አልን። ከ7 ሺህ በላይ ኬሚካል አለው። ከነዚህ ወደ 70 የሚጠጉት ካንሰር የሚያመጡ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ራሱ ሳያጨስ በሌላው ጭስ ምክንያት ይሞታል። ይህን ያህል ብቻ ከሆነ አይጎዳም የሚባል መጠንም የለውም።

"የመኪናው ጭስ አይብስም ወይ?" የሚልም አለ። የአሮጌ አውቶቡስ ጭስ እኛንም ያስለናል። ግን አንዱ ጉዳት ሌላውን ጉዳት ትክክል አያደርገውም። የመኪናውን ጭስ ለመቀነስ ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። መተርኮሻ ከጠረጴዛ ላይ ለማንሳት ግን አንድ ጠዋት ይበቃል።

አጫሾቹ ስንት ናቸው? እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ አዋቂ አምስቱ ነው። አምስት ብቻ። በዚያው ጥናት በቤት ውስጥ ከሚሠሩ አዋቂዎች ወደ 30 በመቶ የሚጠጉት በሥራ ቦታቸው ለሌላ ሰው ጭስ ተጋልጠው ነበር። በረንዳ ላይ የምንሠራውን ደግሞ ማን ቆጥሮን? በብዙ አገር መንግሥት የሚታገለው አንድ አራተኛው ሕዝብ ካጨሰ በኋላ ነው። እኛ ገና እዚያ አልደረስንም። አለመድረሳችን ትልቅ ዕድል ነው። ቢሆንም አራት ኪሎ የተማሪ ሰፈር ነው። አዋጁ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በረንዳችን ላይ የሚቀመጡት ብዙዎቹ ግን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ሱቅ በደረቴ ይዞ የሚዞረው ልጅ በፍሬ ያቀርብላቸዋል። በመስከረም ሻይ ብቻ ይጠጣ የነበረው ልጅ በጥር ሻይና አንድ ፍሬ ሲል አይቻለሁ። ታናሽ ወንድሜን ነው የሚያስታውሰኝ።

ሌሎች ከተሞችና አገሮች ይህን ሠርተውታል። ከራሳችን ልጀምር፦ መቀሌ በ2007 ዓ.ም. በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ስትከለክል የአገር አቀፉ አዋጅ ገና አልወጣም ነበር። አንድ የኢትዮጵያ ከተማ ቀድማ መሄድ እንደምትችል ያኔ ታይቷል። የምሥራቅ አፍሪካዋ ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ርቀቱን 50 ሜትር አድርጋዋለች። ኒው ዮርክ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓርኮቿና በእግረኛ አደባባዮቿ ማጨስ ከልክላለች። ፈረንሳይ በ2025 እ.ኤ.አ. የአውቶቡስ መጠበቂያዎችንና ፓርኮችን ጨመረች። በቶኪዮ የቺዮዳ ወረዳ ገና በ2002 እ.ኤ.አ. ሰው በሚበዛባቸው መንገዶቹ ላይ ማጨስን በቅጣት ከልክሏል። ስለ ሊስትሮው ልጅ የጻፍኩትን አስታውሱ፤ በሰው መሀል የሚያዝ ሲጋራ የልጅ ፊት ጋ እንደሚደርስ እዚያም ተነስቶ ነበር።

ከሁሉም የገረመን ግን ሚላን ናት። ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገዷም በአደባባይዋም ማጨስ የሚቻለው ከሌላ ሰው 10 ሜትር ለሚርቅ ብቻ ነው። እኛም 10 ሜትር አለን፤ እነሱም 10 ሜትር አላቸው። ልዩነቱ እኛ የምንለካው ከበር ነው፣ እነሱ ከሰው። በር ሳንባ የለውም። ይህን ስንነጋገርበት አስም ያለባት ጓደኛችን "በቃ፣ ይህን ጻፊላቸው" አለችኝ።

የካፌ ባለቤቶች "ደንበኛ ይሸሻል" ይላሉ። ፍርሃታቸው ይገባናል። ቤቱ ከከሰረ መጀመሪያ የምንባረረው እኛ ነን። በ2011 ዓ.ም. የውስጡ ክልከላ ሲመጣም ይኸው ተብሎ ነበር። እኔ የሠራሁባቸው ቤቶች ግን በሲጋራ ምክንያት ሲዘጉ አላየሁም፤ ሰው ወጣ ብሎ አጭሶ ይመለስ ነበር። የማይታየው የሚሄደው ደንበኛ ነው። ልጆቿን ይዛ በረንዳ ላይ ልትቀመጥ የመጣች እናት ዙሪያውን ታያለች። "ጭስ የሌለበት ጠረጴዛ አለ?" ትላለች። ስፈልግ አጣለሁ። አመስግና ትሄዳለች። አራት ሰው ናቸው፤ አራት ጭማቂና አራት ኬክ። የሷን መሄድ ማንም አይመዘግበውም።

የሚያጨሱትንም እንደ ጠላት አናይም። ታላቅ ወንድሜ ያጨሳል። ሾፌር ነው። ለማቆም ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቴም ተመልሷል። ይህን ደብዳቤ ሳነብለት "እሰይ" ነው ያለኝ። ቡና ሊጠጣ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለው ሰው ከለኮሰ እጁ ራሱ ወደ ኪሱ ይሄዳል። "ባይታይ ይቀለኝ ነበር" ይላል። ስለዚህ ከልካይ ብቻ እንድትሆኑ አይደለም የምንጠይቀው።

የምንጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ምክር ቤቱ በከተማው ደንብ መንገዶችን በስማቸው እየጠራ ከጭስ ነጻ ያድርግልን። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለው የእግረኛ መንገድ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ዙሪያ፣ መስቀል አደባባይ፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ እንዲሁም ወንበር ተቀምጦላቸው ሰው የሚያርፍባቸው የኮሪደር መንገዶች ሁሉ። ሙሉውን። ከበር እየተለካ መሆኑ ይቅር።

ሁለተኛ፣ የታክሲ፣ የአውቶቡስና የባቡር መጠበቂያዎች ሰልፉን ጨምሮ ይካተቱ። መጠለያው ብቻ ከሆነ ሰልፉ ውጭ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ የካፌና የሬስቶራንት በረንዳ የሥራ ቦታ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። መተርኮሻ ከበረንዳ ይነሳ። በዚህ ላይ አደራ የምንለው ነገር አለ። ኃላፊነቱ የባለቤቱ ይሁን። አንዳንድ ቤት ችግር ሲመጣ "አስተናጋጇ ለምን አላስቆመችውም?" ይባልና ከደመወዛችን ይቆረጣል። በጉርሻ የምንኖር ሰዎች ነን። ደንበኛ ፊት ቆመን ሕግ አስከባሪ መሆን አንችልም። ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ካለ፣ መተርኮሻም ከሌለ፣ "ጋሼ፣ እዚህ አይቻልም" ለማለት ግን አቅም እናገኛለን። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ሲታደስ በረንዳውም አብሮ ይታይ።

አራተኛ፣ ምልክቱ ይታይ። ምሰሶ ላይ፣ ንጣፉ ላይ፣ ወንበሩ ጀርባ ላይ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ማንበብ ለማይችል በሥዕል።

አምስተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት የማስተማሪያ ይሁኑ። ሰው ሳያውቅ አይቀጣ። ከዚያ በኋላ የሚቀጣ ደግሞ በደረሰኝ ይቀጣ። ቅጣቱ ሱቅ በደረቴ ይዞ በሚያድረው ልጅ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ከወዲሁ ይታሰብበት።

ስድስተኛ፣ ለሚያጨሱ ሰዎች ከሰው፣ ከበርና ከመጠበቂያ ራቅ ያለ ቦታ ይዘጋጅላቸው፤ የቁራጭ መጣያም ይኑረው። በየጤና ጣቢያው ማቆም ለሚፈልግ ሰው ምክርና እርዳታ የሚሰጥ ባለሙያ ይመደብ። ወንድሜ የት እንደሚሄድ ጠይቆኝ መልስ አልነበረኝም።

ሰባተኛ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የመተንፈሻ ሕመም ያለባት ሠራተኛ ጭስ ባለበት ቦታ እንዳትመደብ፣ ስለጠየቀችም ሥራዋን እንዳታጣ የሚል አንድ አንቀጽ ይግባልን። የጓደኛችን ነገር በሌላዋ እንዳይደገም።

ደንቡ ሲረቀቅ ደግሞ ጥሩን። የሚጠራው ሁልጊዜ የማኅበር ሊቀመንበርና የሆቴል ባለቤት ነው። በረንዳ ላይ ምን እንደሚደረግ የምናውቀው እኛ ነን። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስለማይበዛ በዚያን ቀን መምጣት እንችላለን። ሜትሩንም ይዘን እንመጣለን። ካመናችሁ ጥሩ፤ ካላመናችሁ አብረን እንለካለን።

መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉ ካፌዎች በረንዳ ላይ የምንሠራ አሥራ አንድ አስተናጋጆች
በተወካያችን በኩል

ግልባጭ፦
ለካፌና ሬስቶራንት ባለቤቶች
ለታክሲ ተራ አስከባሪዎች
በረንዳ ላይ ለሚቀመጡ ደንበኞቻችን በሙሉ